አናውቀውም የተባለው ሙሽራ

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ማራገቢያው የሚነፍሰው ወደዚህ ነው። አንቺ በሩ ሥር የተቀመጥሽው፣ ወደ ውስጥ ግቢ እንጂ፤ የከተማችን የሙልታን ሰኔ ውጭ ለቀረ ሰው አያዝንም። ዛሬ የምነግራችሁ የወንድሜን ልጅ የዛርያብን ነገር ነው። የፍቅር ነገር ነው። ግን ባወራሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ድምፄ ከፍ ቢል እናንተን የተቆጣሁ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ለዛርያብ ፉፖ ነኝ፣ የአባቱ እህት ማለት ነው። በእኛ አገር የፉፖ ስም ክፉ ነው። ሠርግ ከተበላሸ ያበላሸችው ፉፖ ናት፤ ወጡ ጨው ከበዛበት ፉፖ ናት ዓይኗን የጣለችበት። ይበሉ! ያንን ልጅ አባቱ ከሞተ ወዲህ ከእናቱ ጋር ሆኜ ያሳደግኩት ግን እኔ ነኝ። ወንድሜ የመስጊድ ግድግዳ የሚለብሰውን ሸክላ በሰማያዊ ቀለም የሚያስጌጥ ባለ እጅ ነበር፤ ሲከፍኑት እንኳ ጥፍሩ ሥር ያለው ሰማያዊ አልለቀቀም። ልጁ ያንን ሙያ አልያዘም። ተምሮ፣ ጣራችን ላይ ካለችው ትንሽ ክፍል ሆኖ እንግሊዝ አገር ለሚገኝ ቤት ዕቃ ሻጭ ኩባንያ በኮምፒውተር ይሠራ ነበር። «ሶፋዬ አልደረሰም፣ ቁም ሳጥኔ ተጭሮ መጣ» እያለ የሚጮኸው የእንግሊዝ ሕዝብ ሁሉ የሚጮኸው በእኛው ልጅ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ!

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ፍርዱን እናንተ ስጡ። ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓት ሰቅሏል፣ አንዱ የእኛ ሌላው የእነሱ። የሚበላው በእነሱ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ በየመሀሉ ፎቶ ያነሳዋል፣ ከወንበሩ አለመነሳቱን ለማየት። ዒድ ሲሆን ሰግዶ ሳያርፍ ወደ ወንበሩ ይመለሳል፣ የእነሱ በዓል አይደለማ። ስሙን እንኳ አልተዉለትም፣ አሳጥረው «ዛክ» ይሉታል። እናቱ በሞተች ቀን፣ ሬሳዋ ታች ተጋድሞ ሳለ፣ ላይ ወጥቶ ፈቃድ ሲጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ። አለቃው ኦሊቨር «በጣም አዝነናል፤ ሳምንቱ ግን ሥራ የበዛበት ነው፣ ለዛሬ ብቻ» አለው። በሦስተኛው ቀን እኛ ታች ተሰብስበን ቁርዓን ሲቀራ፣ ልጄ ላይ ሆኖ የጠረጴዛዋ እግር የተንገዳገደባትን ሴት ይቅርታ ይለምን ነበር።

ሰኞ ሰኞ ደግሞ ሁሉንም ሰብስበው በስክሪን ይነግሯቸዋል፤ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ይሏቸዋል። እሱም አመነ። ምስኪን፣ ለምን አያምን?

ከመህጀቢን ጋር ያገናኘው የመብራት መጥፋት ነው። በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ዛርያብ ኮምፒውተሩን አቅፎ ጄኔሬተር ወዳለው ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ይሮጣል። መህጀቢን የዚያ ቤት ኃላፊ ናት። አባቷ ማሊክ ኢምተናን በመስኖ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሹም የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ መኪና ከደጃቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው። እኛ ደግሞ የሸክላ ቀቢ ቤት ነን። ልዩነቱ ይታያችኋል።

በመጀመሪያው ቀን ሶኬት ሥር ተንበርክኮ አገኘችው።

«ወንድሜ፣ እዚህ እኮ መጽሐፍ ነው የሚነበበው።»

«ልክ ነሽ እህቴ። ግን እንግሊዝ አገር አንዲት ሴት አልጋዋ መንገድ ላይ ጠፍቶባታል። ይቺን ሶኬት ከከለከልሽኝ ወለል ላይ ታድራለች፤ ኃጢአቱ በአንቺ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች፤ ከድሮ ጋዜጦች መደርደሪያ ጀርባ ወንበር ሰጠችው። ከዚያ በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ ስረግም ልጄ ፀጉሩን ያበጥር ጀመር። የገባኝ ያኔ ነው።

እሷም አንድ ቀን መጽሐፍ የምትደረድር መስላ ተጠጋችው። «ሰለቸኝ እኮ! ቀኑን ሙሉ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። ለማታውቀው ሰው ሁሉ ይቅርታ ትላለህ፣ እኔን ግን አንድ ቀን ብለኸኝ አታውቅም።»

«አንቺን ምን በድዬሽ?»

«እንቅልፍ ነስተኸኛል» አለችና የተናገረችውን ራሷ ሰምታ ደነገጠች። መጽሐፉን ገልብጣ ሰክታው፣ ወደ ሌላው መደርደሪያ ሸሸች። ዛርያብ ያን ቀን ሰባት ደንበኞች ሲጮኹበት ፈገግ እንዳለ ነበር።

እንግዲህ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔው ነኝ። ማሊክ ሳሂብ፣ አክብረን እንዲህ ነው የምንላቸው፣ ክብራቸውን ጠብቀው ተቀበሉኝ። ስለ ዘር አልጠየቁም፣ ስለ ቤታችን ጥበት አልጠየቁም፤ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ልጁ ሥራው ቋሚ ነው?»

«ስድስት ዓመት የእንግሊዝ ኩባንያ ሠራተኛ ነው!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። አጠገቤ የተቀመጠው ዛርያብም አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ማናችንም አልዋሸንም፤ የምናውቀውን ነው የተናገርነው።

መቼስ በእኛ ዘንድ ልጅ ከመስጠት በፊት ስለ ሙሽራው ማጣራት የግድ ነው። ማሊክ ሳሂብም አጣሩ። ኢማሙን ጠየቁ፣ «የጀማዓ ሶላት አያመልጠውም» አሉ። ወተት ሻጩን ጠየቁ፣ «ዱቤ አይወድም» አለ። ጎረቤት ጠየቁ፣ ጎረቤትም፣ አላህ ይስጠው፣ ዘንድሮ ክፉ አላወራም። ቀን ሊቆረጥ ተባለና ሶሃን ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጫችንን በሳህን ይዘን ሄድን። ሳሎኑ ሞልቷል፤ መህጀቢን ከእናቷ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ናት፤ የእግሯ ጫፍ ብቻ ይታያል፣ ዛርያብም የሚያየው እሱኑ ነው።

ለዕረፍት ከእንግሊዝ የመጣው አጎቷ ራፋቃት ግን እዚያው ክፉ ሐሳብ መጣለት። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ እንግሊዝ አገር መኖሩን በየሰበቡ ማሳየት ስለሚወድ ነው። «ሁሉን ጠየቃችሁ፣ አሠሪውን ግን አልጠየቃችሁም። አሁን እዚያ ጠዋት ነው፣ ቢሮ ገብተዋል። እኔ በቋንቋቸው አናግራቸዋለሁ፤ ‹ምን ዓይነት ልጅ ነው?› ብዬ እጠይቃለሁ። የእንግሊዝ ሰው እንደሆነ አይዋሽም።»

ሁላችንም ደስ አለን። ይኸውላችሁ የእኛ ሰው ስህተት! ኩባንያ እንደ ሰፈር መሰለን። የልጁን ስም ጠርተን «እሱማ ጨዋ ነው፣ እናቱን ሲቀብር እንኳ ሥራ አላጓደለም» የሚል አንድ ሰው ከወዲያ የሚነሳ መሰለን። ዛርያብም ትንሽ አፍሮ፣ ትንሽ ኮርቶ፣ ቁጥሩን ራሱ ሰጠ።

አጎትየው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ ለቀቀው። አንዲት ሴት አነሳች። እንግሊዝኛው ለማይገባን እሱ ተረጎመልን፤ መጀመሪያ ፊቱ በርቶ ነበር።

«እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለንም ትላለች።»

«የለም?» አሉ ማሊክ ሳሂብ።

«ኦሊቨርን ጠይቂ በላት! አለቃዬን!» አለ ዛርያብ። ብድግ ብሏል።

ሴትዮዋ ስሙን ፈለገች፤ የጣቷ ቁልፍ መምታት እስከ ሙልታን ይሰማል። ከዚያ የተናገረችውን ራፋቃት እያቅማማ ነው ያወጣው። «አግኝቼዋለሁ ትላለች። ግን የእኛ ሠራተኛ አይደለም፤ ውጭ አገር ያለ ኮንትራክተር ነው። መስኮታችንን እንደሚወለውለው ድርጅት ማለት ነው፤ ስለ እሱ የምንመሰክረው የለም። መልካም ቀን ብላለች።»

ስልኩ ተዘጋ። ሐልዋው ላይ ዝንብ ሲያርፍ ሰማሁ ብላችሁ እመኑኝ።

«ኮንትራክተር!» ማሊክ ሳሂብ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በቦይ ሥራ ላይ ኮንትራክተር አውቃለሁ። ሲሚንቶውን ሰርቆ አሸዋ የሚጨምር ነው! ስድስት ዓመት ሠራሁ ያልክበት ቤት አያውቅህም፤ እኔ ደጄን ከፍቼ አስገባሁህ!»

መጋረጃው ተገለጠ። መህጀቢን ቆማ ነበር። ያንን ሁሉ ሰው ዘልላ እሱን ብቻ አየችው፤ እንዲህ ያለ አስተያየት በሕይወቴ አላየሁም፣ ልመናም ትእዛዝም ነው። «አንድ ቃል በል» የሚል ነው። ልጄ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ደፋ።

መጋረጃው ተመለሰ። ሐልዋችንን ከነሳህኑ አስይዘው ሸኙን። በዚያ ፀሐይ ያንን ሳህን ተሸክሜ ስመለስ የከበደኝ ሐልዋው አልነበረም።

ሳምንቱ ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ «አናውቀውም የተባለው ሙሽራ» ይለው ጀመር። እኔ በእሱ የተነሣ ከሁለት ሴቶች ጋር ተጣላሁ። እሱ ግን አይናገርም። መብራት ሲጠፋ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ይላል እንጂ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አይሄድም። መህጀቢን አንድ መስመር ጻፈችለት። «አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ ዓይንህን ለምን ደፋህ?» ይላል። እሱ መልስ ይጽፋል፣ ይቀድደዋል፣ እንደገና ይጽፋል። ምላሽ ያላገኘች ሴት ልቧ ውስጥ ምን ምን እንደሚበቅል ወንዶች አያውቁም። «ዋሽቶኝ ነው» አለች። ከዚያ «ዋሽቶኝ ባይሆንስ?» አለች። የባሰባት ሁለተኛው ነው።

ዛርያብ ለኩባንያው የለመነው ነገር ተራ ነው። «እነሆ ስድስት ዓመት አብሮን ሠርቷል የሚል አንድ ቃል ስጡኝ» አለ። በምትኩ የላኩለት ሊፈርምበት የሚገባ ሰነድ ነው። ሰነዱ «እኔ ነፃ ሰው ነኝ፤ የሥራ ሰዓቴን ሁልጊዜ የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ አዛዥ ኖሮኝ አያውቅም» ይላል። ያ የስልክ ጥሪ አስደንግጧቸው ኖሯል! ሠራተኛችን ነው ካሉ የዓመት ፈቃድ ሊሰጡት ነው፣ ሲታመም ሊያስታምሙት ነው፣ ከሥራ ሲያወጡትም ምክንያት ሊሰጡ ነው። ካልፈረመ ደግሞ ሥራው ያበቃል። እንግዲህ ፍርዱን ስጡ ብያችኋለሁ። ሥራ ከሌለው መህጀቢንን ጭራሽ ሊያጣት ነው። ከፈረመ ደግሞ ማሊክ ሳሂብ «ሠራሁ ያልክበት ቤት አያውቅህም» ያሉትን ራሱ በእጁ ያጸድቀዋል።

ኦሊቨር ሊያነጋግረው በቀጠረው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በር ላይ በተቀመጠበት ሰዓት፣ መህጀቢን በሰፈራችን መሀል ብቻዋን መጣች። የማሊክ ኢምተናን ልጅ! ወተት ሻጩ ጣሳውን ይዞ ቀረ።

«ፉፖ፣ ሰላም ዐለይኩም። ወደ ላይ ልወጣ ነው፤ እርስዎ ይቅደሙ፣ ሰው እንዳያማን» አለችኝ። ጉልበቴ አይረዳኝም፤ ያን ቀን ግን ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ወጣሁት።

ዛርያብ ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። ፎቶ ማንሻው ያነሳው እንደሆነ ያንሳው።

«ስጽፍልህ አትመልስም። እንግዲህ ፊት ለፊት መልስልኝ። ለምን ደፋህ ዓይንህን?» አለችው በንዴት።

«ሴትዮዋ አልዋሸችማ፣ መህጀቢን።»

«ምን?»

«እኔም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ስድስት ዓመት ቤተሰባችን ነህ ሲሉኝ ኖረው፣ መስኮት ወልዋይ መሆኔን ከአባትሽ ጋር እኩል ሰማሁ። ያን ጊዜ አንቺን ቀና ብዬ ባይሽ ኖሮ አለቅስ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!»

«ብታለቅስ ኖሮ አምንህ ነበር» አለች፣ እሷው አለቀሰች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ፉፖም ብሆን ሰው ነኝ።

በዚሁ መሀል ኮምፒውተሩ ጮኸ። ኦሊቨር ነው፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ከዚህ በኋላ በእንግሊዝኛ የተባለውን መህጀቢን ቃል በቃል ነግራኛለች።

«ዛክ፣ ወንድሜ! ሰነዱ ደርሶሃል አይደል? የወግ ነገር ነው፣ ፈርመህ ላከው፤ ሁሉም እንደ ድሮው ይቀጥላል።»

«ሰዓቴን ራሴ እንደመረጥኩ ይላል። መቼ ነው የመረጥኩት?»

«የሕግ ሰዎች አነጋገር ነው፣ አታካብደው። አንተ እኮ ቤተሰባችን ነህ።»

ዛርያብ ዓይኑን ከስክሪኑ ወደ በሩ መለሰ። መህጀቢን አጠገቡ አልሄደችም፣ አልነካችውም፤ ከበሩ ሥር ቆማ «በል» አለችው፣ በከንፈሯ ብቻ።

«ነፃ ሰው ነህ ይላል» አለ ዛርያብ። «ነፃ ሰው ከነበርኩ፣ እናቴን ልቀብር ፈቃድ የጠየቅኩት ማንን ነው? ለዛሬ ብቻ ያለኝ ማን ነው?»

ኦሊቨር ጥርሱን ከደነ። «በጣም አዝኛለሁ፣ ዛክ።»

«ያን ጊዜም ያልከኝ ይህንኑ ነው። ስሜ ደግሞ ዛርያብ ነው። ሠራተኛችሁ ከሆንኩ እንደ ሠራተኛ እወቁኝ። እንግዳ ከሆንኩም እንደ እንግዳ ተዉኝ፤ ከወንበር ስነሣ ፎቶ አታንሱኝ። በፈለጋችሁ ጊዜ ልጅ፣ ባልፈለጋችሁ ጊዜ ባዳ አታድርጉኝ። አልፈርምም።»

ስክሪኑ ጠቆረ። ደህና ሁን እንኳ አላሉትም፤ ስድስት ዓመቱን እንደ ኩራዝ እፍ አሉት። ክፍሏ ውስጥ የቀረው የሁለቱ ሰዓት ኳኳታ ነው፣ የእኛና የእነሱ። ልጄ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ፊቱ ላይ ግን ያየሁት ሐዘን አልነበረም፤ ከባድ እንስራ ያወረደ ሰው ፊት ነው።

ከኋላችን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ማሊክ ሳሂብ ደረጃው አናት ላይ ቆመዋል፣ ላባቸው ሸሚዛቸውን አርሶታል። ለካ ወተት ሻጩ ሮጦ ነግሯቸዋል። ልጃቸውን ጎትተው ሊወስዱ ነው የመጡት፤ ግን እዚያ ከቆሙ ቆይተዋል፣ እንግሊዝኛም ስለሚያውቁ ሁሉን ሰምተዋል።

«እናቱን ሊቀብር ፈቃድ ሰሰቱበት?» አሉ፣ ማንን እንደሚጠይቁ ሳይታወቅ። «እኔ ቦይ ጠባቂዬ ጎሹ ስትሞትበት እንኳ ፈቃድ ሰጥቻለሁ! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ከዚያ ያመጣቸው ትዝ አላቸው መሰል ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ቢሆንም ልጄ፣ አሁን ሥራ የለህም። ነይ እንሂድ መህጀቢን።»

«አልሄድም አባጂ» አለች።

ደረቅኩ። እሳቸውም ደረቁ።

«ስለ እሱ ኢማሙን ጠየቁ። ወተት ሻጩን ጠየቁ። ባሕር ተሻግረው፣ ፊቱን አይታ ለማታውቅ ሴት ደወሉ፤ እሷ አላውቀውም ስላለች አመኗት። እኔ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። እኔና እርስዎ በአንድ ቤት ነው የምንኖረው አባጂ፣ በአንድ ገበታ ነው የምንበላው። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም!»

ሽማግሌው ጣራው ላይ የተዘረጋው የገመድ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ልክ በቢሯቸው እንደሚቀመጡት፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው።

«እውነት ብለሻል። ማጣራት ካልቀረ በወጉ ይሁን» አሉ። «ስለዚህ ልጅ ምን ታውቂያለሽ? እንደ ምስክር ንገሪኝ እንጂ እንደ ልጄ አይደለም።»

መህጀቢን እንባዋን ጠረገች። «መብራት ጠፍቶ ቦታ ሲጠብ፣ ፈተና ያለባት ተማሪ ከመጣች የራሱን ሶኬት ነቅሎ ይሰጣታል። ለዚያ አለቃው ሲጮኽበት ልጅቷ እንዳትሰማ ወደ ኮሪደር ይወጣል። ሲሰድቡት አይሳደብም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲዋሽ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹እንዴት ነህ?› ሲሉት ‹ደህና ነኝ› ይላቸዋል።»

ማሊክ ሳሂብ ጣሪያውን አዩ፣ መሬቱን አዩ፤ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውንም አብረው። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ከእንስራው ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ አቀረብኩላቸው። ሙቀቱ እሳት ነው፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ብርጭቆውን ተቀበሉ። አዩት። መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

«ይቅርታ እህቴ» አሉ። «እኔ የድሮ ሰው ነኝ። ልጄን በሰጠሁበት ቤት ውሃ አልጠጣም።»

በእኛ ዘንድ ወጉ እንዲህ ነው፤ አባት ልጁን ከዳረ በኋላ ከልጁ አማቾች ቤት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። ዛርያብ ነገሩ ዘግይቶ ነው የገባው፤ ሲገባው በእኛ ሁሉ ፊት፣ በአማቱም ፊት፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ሥራ ለማግኘት ብዙ ተንገላቷል፤ ሠርጉም በብድር ሳይሆን በትዕግሥት ነው የተደገሰው። ዛሬ ከባለቤቱ ጋር ደህና ነው። እኔ ግን እስካሁን ያ ንዴት አልወጣልኝም፣ እንዲወጣልኝም አልፈልግም። ልጆቼ፣ እናንተም ነገ እንደ እሱ ለሩቅ ሰው ትሠሩ ይሆናል፤ ሥራ ነው፣ ነውር የለውም። ብቻ አንድ ቀን ማንም ይሁን ማን «ቤተሰባችን ነህ፣ ቤተሰባችን ነሽ» ሲላችሁ፣ ያ ልጅ እናቱን ሊቀብር ፈቃድ የጠየቀው ማንን እንደነበረ፣ እባካችሁ፣ አስታውሱልኝ።